ለሎዌና የሚሆን መምቻ

የክሪኬት መምቻ ሊያሠራ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያደርጋት ነገር አለች። እንጨቱን ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞርና መስመሮቹን በጣቱ ይቆጥራል። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሁለት። መስመሩ ከበዛና ቀጥ ካለ እንጨቱ ምርጥ ነው ብሎ ማን እንደነገራቸው እንጃ። እኔ አርባ ዓመት ሙሉ አኻያ ስልግ ኖሬያለሁ። ስድስት መስመር ብቻ ኖሮት ኳስን ከሜዳ አሻግሮ ባሕር የሚጨምር መምቻ ሠርቻለሁ፤ አሥራ አራት መስመር ኖሮትም እንደ እርጥብ ካርቶን የፈዘዘ ሠርቻለሁ። ስለዚህ ቆጣሪ ሲመጣብኝ መምቻውን ከእጁ እቀማውና «ልትመታበት ነው ወይስ ግድግዳ ላይ ልትሰቅለው?» እለዋለሁ። የሚቀየመው ተቀይሞ ይሄዳል። ያልሄደው ይቀመጥና ስለ እጁ እናወራለን።

ፖርት ዴቨኒ ውስጥ ሰው ሁሉ ሰጋቱራ ይለኛል። ሊንዚ የሚባል ስም አለኝ፤ በእሱ የሚጠራኝ ግን ሐኪሜ ብቻ ነው። ወርክሾፔ ባሕሩ ዳር ያለ የድሮ የገብስ መጋዘን ነው። ደንቤ ደግሞ አንድ ነው፤ የሚይዘው እጅ ራሱ ካልመጣ መምቻ አልሠራም። ሚስት የባሏን ልደት አስባ ትመጣለች፣ አያት ለልጅ ልጁ ይመጣል፣ «ይህን ታህላለች» ብሎ መዳፉን አየር ላይ ዘርግቶ ያሳየኛል። ሁሉንም እመልሳለሁ። «ጫማ ልትገዛ የጎረቤትህን እግር ይዘህ ትሄዳለህ?» እላለሁ። ይህን ደንብ ያፈረስኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ለአይቮር ትሬሎር።

አይቮር ከከተማው ሃያ ደቂቃ ርቆ ገብስ የሚያርስ ገበሬ ነው። ስልሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ረጅም፣ ደረቅ፣ ቃል ከአፉ በግድ የሚወጣ ሰው። ጥር ላይ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ሙቀቱ የጣሪያዬን ቆርቆሮ ማንቋቋት ሲጀምር፣ በጆንያ የተጠቀለለ ነገር በብብቱ ይዞ ገባ።

«መምቻ ሥራልኝ» አለ፤ ሰላምታ የለ፣ ምን የለ።

«ለማን? አንተ ክሪኬት የሥራ ፈት ጨዋታ ነው ስትል አልነበር እንዴ?»

«ለሎዌና።»

መላጊያዬን አስቀመጥኩ።

ሎዌና አንዲት ልጁ ናት። እናቷ የሞተችው እሷ በዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከዚያ ወዲህ የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ እኔ በር ላይ ያወርዳትና አባቷ ከእርሻ እስኪመለስ እኔ ዘንድ ትቆይ ነበር። እኔና ባለቤቴ ነፍሷን ይማርና ልጅ አልወለድንም። ያቺ ልጅ ፍቅፋቂው ውስጥ ተቀምጣ ፓስቲዋን እየገመጠች «ይሄ ለምን ጠመመ? ያኛው ለምን ከበደ?» እያለች ስታደርቀኝ የኖርኩባቸው ዓመታት ከሌላው ዕድሜዬ ሁሉ ይበልጡብኛል። የመጀመሪያ መምቻዋን በአሥር ዓመቷ ሠራሁላት። አሥራ ሰባት ሲሞላት ወንዶቹን ጨምሮ በአካባቢያችን እንደ እሷ ኳስ የሚመታ አልነበረም።

ችግሩ ክሪኬትና የገብስ አጨዳ አንድ ሰሞን መዋላቸው ነው። እኛ አገር አባትና ልጅን የዚህን ያህል ያጣላ ነገር የለም። የዛሬ አምስት ዓመት፣ ሎዌና ሃያ ሲሞላት፣ ኅዳር ውስጥ አንድ ቅዳሜ ነው። ደመናው ጠቁሯል፣ አርባ ሄክታር የደረሰ ገብስ ቆሟል፣ ኮምባይነሩን የምትነዳው እሷ ናት፤ ከሰዓት ደግሞ የትልቁ ቡድን ተጫዋች መራጮች ከዋናው ከተማ ከአዴላይድ መጥተው የሚያዩዋት ጨዋታ አለ። አይቮር ከታች ቆሞ «ከዚያ ወንበር ከወረድሽ ቤቴም አትመለሺ» አላት። ሞተሩን አጥፍታ ወረደች። ቁልፉን መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ጨዋታዋን ተጫውታ በዚያው አዴላይድ ገባች። አይቮር የተናገረውን የሚያጥፍ ሰው አይደለም፤ እሷም የእሱ ልጅ ናት። በዚያ ዓመት ዝናቡ ግማሹን ገብስ አስተኛው፤ አይቮር ግን ስለ ገብሱ አንድም ቀን ሲያማርር አልሰማሁም።

ከዚያ ወዲህ አንድ እንግዳ ጠባይ አወጣ። ቅዳሜ ጠዋት ጢሙን ይላጭና ንጹሕ ሸሚዝ ለብሶ ነጯን ፒካፑን ወደ አዴላይድ ይነዳል፤ መሄጃው ብቻ ሁለት ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በአጨዳ ሰሞን እንኳ ኮምባይነሩን ማሳ መሃል አቁሞ ይሄዳል። ከተማው በአንድ ድምፅ ሴት ይዟል ብሎ ፈረደ። ለአንድ ቅዳሜ ገብስ ልጁን ያባረረ ሰው ገብሱን ጥሎ የሚሄድላት ሴት ምን ብትሆን ነው እያልን ሳቅን። እኔም አብሬ ስቄያለሁ።

«ታረቃችሁ እንዴ?» አልኩት።

«አልታረቅንም።»

«ታዲያ እጇን ከየት ላመጣው ነው? ደንቤን ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። ለዚህ ብዬ ይሄን አምጥቻለሁ።»

ጆንያውን ፈታ። በአሥራ ሰባት ዓመቷ የሠራሁላት መምቻ ነው፤ የራሴን ሥራ ለመለየት ግን ጊዜ ወሰደብኝ። እንጨቱ እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል። ሳነሣው ክንዴን ይዞት ወረደ። ሚዛን ላይ ጣልኩት፤ ሁለት ፓውንድ ከስምንት አውንስ አድርጌ የሰጠሁት መምቻ ሦስት ፓውንድ ሊሞላ ምንም አልቀረውም። በእንጨት መዶሻዬ ነካ አደረግሁት። ጤነኛ መምቻ ሲነኩት መዶሻውን መልሶ ያነጥራል። ይሄኛው ዝም አለ።

«አይቮር፣ ምን አድርገኸው ነው?»

«የተልባ ዘይት ቀባሁት። አንተ አይደለህ እንዳይሰነጠቅ ቀቡት የምትለው?»

«በዓመት አንዴ! በዓመት አንዴ በጨርቅ ጫፍ! አንተስ?»

ኮፍያውን አወለቀ። «እሁድ እሁድ።»

«የትኛውን እሁድ?»

«ሁሉንም።»

«አምስት ዓመት ሙሉ?! ሰውዬ፣ አስጥመህ ገደልከው እኮ! እንጨት ነው፣ በየሳምንቱ መድኃኒት ውስጥ የምትነክረው በግ አይደለም!»

«ስትመለስ ደርቆ እንዳይጠብቃት ብዬ ነው» አለ።

ልጨምርለት ያዘጋጀሁትን ስድብ ተውኩት። ዞር ብዬ ሰጋቱራ የምጠርግ መሰልኩ።

ቢሆንም ካረጀ መምቻ የሚነበብ ነገር አይጠፋም። ቀይዋ የክሪኬት ኳስ መምቻውን በነካች ቁጥር ፊቱ ላይ ቀይ ምልክት ትታ ትሄዳለች፤ ምልክቱን ያየ ሰውየው እንዴት እንደሚጫወት ያውቃል። ዘይቱ ቢያጠቁረውም የሎዌና ምልክቶች አልጠፉም፤ ሁሉም ከታች በኩል ናቸው።

«ይሄውልህ» አልኩ። «ወደፊት ወጥታ ኳሷን ከመሬት ብዙም ሳትነሣ ነው የምትመታት። ስለዚህ የጀርባውን ውፍረት ወደ ታች አደርገዋለሁ፣ እንደ ድሮው።»

«አይ፣ ከፍ ይበል» አለ አይቮር። «አሁን ወደፊት አትወጣም። ወደ ኋላ ሸሸት ብላ ትጠብቃታለች። ክብደቱንም ቀነስ አድርግላት። እጀታው ደግሞ ትንሽ ረዘም ይበል።»

ቀና ብዬ አየሁት። ይሄ ሰው በዕድሜው ስለ ክሪኬት ሁለት ቃል ቀጥሎ ተናግሮ አያውቅም። ወርክሾፔ መሃል ከጣሪያው ወጋግራ ላይ ካልሲ ውስጥ የከተትኳት ኳስ ተንጠልጥላለች፤ ደንበኞቼን የምፈትነው በእሷ ነው። አንድ መምቻ ከመደርደሪያው አንሥቼ አቀበልኩት።

«እንዴት እንደምትቆም አሳየኝ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ያፍር ነበር። እሱ ኳሷ ፊት ሄዶ ቆመ። አገጩን ወደ ግራ ትከሻው አስጠጋ። መምቻውን መሬት ላይ ሁለቴ መታ መታ አደረገ፤ ሦስተኛውን ሊመታ ዝቅ አድርጎ መሬቱን ሳይነካ አቆመው። ያቺን ሦስተኛ ምት በልጅነቷ «ለምን አትጨርሻትም?» እያልኩ የተጨቃጨቅኳት እኔ ነኝ። ያ ግዙፍ ሽማግሌ በአቧራ ጫማው ቆሞ ራሷን ሎዌናን ሆነ። አንድ ነገር ብቻ ልክ አልመጣልኝም።

«ግራ እግሯን እንዲህ ወደ ውጭ አትከፍትም» አልኩት። «እኔ ነኝ ያስተማርኳት።»

«ከጉልበቷ ወዲህ ትከፍታለች።»

«ከየትኛው ጉልበቷ?»

መምቻውን እንደያዘ ቀረ። ያኔ ሁሉም ነገር ገባኝ፤ የቅዳሜው ጢም መላጨት፣ ንጹሑ ሸሚዝ፣ ማሳ መሃል የሚቆመው ኮምባይነር።

«አይቮር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የት ነው የምትሄደው?»

«ሜዳው ዳር ጥዶች አሉ» አለ። «ጥላ አላቸው። መኪና ማቆም ይቻላል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከጀመረች ጀምሮ።» መምቻውን ቀስ ብሎ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠው። «ጉልበቷን የተጎዳችው የዛሬ ሁለት ዓመት ነው። ልትሮጥ ስትዞር ወደቀች። ሳላውቀው በሩን ከፍቼ ወርጃለሁ። ሁለት እርምጃ ያህል ሄድኩ። ከዚያ ጓደኞቿ ደግፈው አነሧት፤ እኔም ተመልሼ ገባሁ።»

«ለምን ተመለስክ?»

«ምን ብዬ ልሂድ?» አለ። «አንተ አፍ አለህ ሰጋቱራ፣ ቀኑን ሙሉ ትለፈልፋለህ። እኔ ምን ልበላት? አትመለሺ ያልኳት እኔ ነኝ። ሸሚዜን ለብሼ እየሄድኩ እዚያ እስክደርስ የምለውን ሁሉ እለማመዳለሁ። ጥዶቹን ሳይ ሁሉም ይጠፋኛል።»

ከዚያ የመጣበትን ተናገረ። የያዘችው የሱቅ መምቻ አይመቻትም፤ ከበዳት፣ አዘገያት፣ በዚህ ዓመት ከሠላሳ ነጥብ ማለፍ አቅቷታል። አዲሱን ከእኔ ነው ብዬ እንድሰጣት ነው የሚፈልገው። ከእሱ መሆኑን ካወቀች አትነካውም ብሎ አምኗል።

«እጇ ላይ ሆኖ ካየሁት ይበቃኛል» አለ።

እንደማይበቃው እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ግን እሺ አልኩት። የሌላ ሰው እጅ ለክቼ መምቻ ስሠራ ይኸው የመጀመሪያዬ ሆነ።

ዘጠኝ መስመር ያለው፣ ጫፉ ላይ ቡናማ ጠባሳ የነበረው እንጨት መረጥኩ። ለመልክ አይደለም፤ ሳንኳኳው ከሁሉም ጥርት ያለ ድምፅ የሰጠኝ እሱ ነው። ሞርሳ ውስጥ አጥብቄ አሰርኩትና ጀርባውን ላግሁት። አዲስ መምቻ ፊቱ እስኪጠብቅ ድረስ ስድስት ሰዓት ያህል በእንጨት መዶሻ መቀጥቀጥ አለበት፤ መጀመሪያ በቀስታ፣ ከዚያ ጠንከር እያሉ። አሰልቺ ሥራ ነው። መዶሻውን ለአይቮር ሰጠሁት። ከሰዓት ከሰዓት እየመጣ በሩ ላይ ወንበር ስቦ፣ መምቻውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ይቀጠቅጣል። አንድ ቀን ምን እንደሚያስብ ጠየቅሁት። «ምንም» አለ። ትንሽ ቆይቶ «ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ፀጉሯን መጎንጎን አልችልበትም ነበር፤ ያንተ ሚስት ዘንድ ነበር የምትሠራው» አለ። ከዚያ ወዲህ አልጠየቅሁትም። ዘይቱን ግን ራሴ ቀባሁት። ጠርሙሱንም ደበቅሁበት።

ሲያልቅ ለሎዌና ደወልኩ።

«ሰጋቱራ ነኝ።»

«ማን ሞተ?» አለች።

«ማንም አልሞተም። መምቻ ሠርቼልሻለሁ፤ መጥተሽ ያዢው።»

«እኔ አላዘዝኩህም እኮ።»

«ማን ጠየቀሽ? እሁድ ነይ። ደግሞ ፓስቲ ይዘሽ ነይ፤ እዚህ የሚጋግሩት መበላቱ ቀርቷል።»

እሁድ መጣች። ሃያ አምስት ዓመቷ፣ ቁመቷ የአባቷ፣ ፊቷ በፀሐይ የተመታ። አቅፋኝ ስታበቃ ዙሪያውን አየች፤ ድሮ የምትቀመጥበትን ጥግ ስታይ አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች።

«ይሄን ቤት ጠርገኸው አታውቅም ማለት ነው?»

«ስትሄጂ ጠራጊ አጣሁ። ዓይንሽን ጨፍኚ።»

አዲሱን ከሁለት ሌሎች ጋር አደባለቅሁት። ሦስቱም ሁለት ፓውንድ ከሰባት አውንስ ናቸው። ሚዛን ላይ ምንም ልዩነት የላቸውም፤ እጅ ላይ ሲገቡ ግን አንዱ ወደ መሬት ይጎትታል፣ አንዱ ይቅለበለባል፣ ለሰውየው የሆነው ደግሞ ዝም ብሎ ይቀመጣል። መምቻ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ ዓይን ተጨፍኖ። የመጀመሪያውን አነሣችና ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛውን ወዲያው መለሰችልኝ። ሦስተኛውን ስታነሣ ትከሻዋ ወረደ። ዓይኗን ሳትገልጥ መሬቱን ሁለቴ መታች፣ ሦስተኛውን ተወችው፣ ግራ እግሯን ወደ ውጭ ከፈተች። ከዚያ ዓይኗን ገልጣ ካልሲው ውስጥ ያለችውን ኳስ መታቻት፤ ኳሷ ከወጋግራው ጋር ልትጋጭ ምንም አልቀራት።

ሳቀች። ያንን ሳቅ ለአምስት ዓመት አልሰማሁትም። ወዲያው ግን ሳቋ ቆመ። መምቻውን ገልብጣ ጀርባውን በጣቷ ዳሰሰች።

«ውፍረቱን ለምን ወደ ላይ አወጣኸው?»

«እንዲሁ መሰለኝ።»

«እጀታውስ?»

«አድገሻል ብዬ ነው።»

«ሰጋቱራ፣ ስጫወት ካየኸኝ አምስት ዓመት ሆነህ። አቋቋሜን የቀየርኩት ከጉልበቴ በኋላ ነው።»

«ሰው ነገረኝ» አልኩ። ሲፈጥረኝ ውሸት አልችልም፤ ጆሮዬ ይቀላል። እሷም ታውቀዋለች፤ ከልጅነቷ ጀምሮ የምትስቅብኝ በእሱ ነው። በዚህ ጊዜ ግን አልሳቀችም። አግዳሚው ላይ ተቀመጠች።

«ነጯ ፒካፕ» አለች።

ሰጋቱራውን በእግሬ ገፋ ገፋ አደረግሁ።

«የማላውቅ መስሎታል?» አለች። «ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ አውቃለሁ። ኃምሳ ነጥብ ስሞላ ሜዳው ዳር ያለ መኪና ሁሉ ክላክስ ያደርጋል። ጥዶቹ ሥር ያለችው ብቻ ዝም ትላለች። ማን ነው እንዲህ የሚያኮርፍ ብዬ አየሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ልመታ ስገባ መጀመሪያ የማየው ኳስ ወርዋሪዋን አይደለም፣ ጥዶቹን ነው። አንድ ቅዳሜ ዘግይቶ መጣ፤ እስኪመጣ ድረስ ኳሷን ማየት አቅቶኝ ነበር። መንገድ ላይ የተገለበጠ መስሎኝ።»

«ታዲያ አንቺ ለምን አልሄድሽለትም? መቶ እርምጃ እኮ ነው።»

«ውጪ ያለኝ እሱ ነው!» ብላ ጮኸች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አባዬ በሩን ከፍቶ እንዲመጣ ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም። ይቅርታ እንኳ አይጠይቀኝ። መቶዋን እርምጃ ይምጣልኝ፤ አንድ ቀን ይመጣል ብዬ አምስት ዓመት ጠበቅሁ።»

መምቻውን መደርደሪያው ላይ መለሰችው።

«አልወስደውም። ያሠራው እሱ ነው፣ እሱ ያምጣልኝ። ይሄን ንገረው።»

በሩ ላይ ደርሳ ተመለሰች፤ መምቻውን አንድ ጊዜ አንሥታ ያዘችው፣ አስቀመጠችው፣ ወጣች። ፓስቲዎቹን ረስታቸው ሄደች።

በነጋታው ለአይቮር አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። ከተቀመጠበት ወንበር ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ።

«ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ።»

«ሁሉንም ቅዳሜ?»

«የዘገየህባትን ቅዳሜ ሳይቀር።»

ፊቱ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ተናደደ መሰለኝ፤ ማን ላይ እንደሆነ ግን እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። መምቻውን ከመደርደሪያው አንሥቶ፣ በጆንያ ጠቅልሎ ወጣ። መኪናው ጋ ደርሶ «ቅዳሜ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» ብሎ ጮኸ። ወርክሾፔን ቅዳሜ ዘግቼ አላውቅም። ዘጋሁ።

መንገዱን ሁሉ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየተለማመደ መሆኑን ስላወቅሁ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቴ ዝም ብዬ ሁለት ሰዓት ተኩል ተቀመጥኩ። ጥዶቹ ሥር አቆምን። ሎዌና ልትመታ ስትገባ ወደ እኛ አየች፤ በመኪናው ውስጥ ሁለት ሰው መሆናችንን ያየች ይመስለኛል። አይቮር መምቻውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ መሪውን ጨብጧል።

«እስክትጨርስ እንጠብቅ» አለ።

«እሺ።»

«ከዚያ እሄዳለሁ።»

«እሺ አልኩህ።»

በሱቁ መምቻ ስትቸገር አየናት። ኳሷ እየቀደመቻት ጠርዙን ብቻ ትነካለች። ሃያ ደቂቃ ያህል እንዲህ ታገለች። ከዚያ ወደ ኋላ አለችና እጇን አነሣች። መቺ በጨዋታ መሃል መምቻው ካልተመቸው ተራ ጠባቂዎቹ ወደሚቀመጡበት ወደ ክበቡ ቤት እጁን ያነሣል፤ ከተቀመጡት አንዷ ሌላ ይዛለት ትሮጣለች። ይህ የተለመደ ነው። ሎዌና ግን ፊቷን ያዞረችው ወደ ክበቡ ቤት አልነበረም።

አንዲት ልጅ ሁለት መምቻ ይዛ ከክበቡ ቤት ስትሮጥ መጣች። ሎዌና በእጇ መለሰቻት። ልጅቷ ግራ ገብቷት ሜዳው መሃል ቆመች። ወርዋሪዋ እጇን ወገቧ ላይ አደረገች። ዳኛዋ ሰዓቷን አየች፣ አንድ ነገር ተናገረች። ሎዌና እጇን አላወረደችም።

«አይቮር» አልኩት።

«እግሬ አልታዘዝ አለኝ» አለ።

«እንግዲህ እጇም ይደክማታል።»

በሩን ከፈተ። የሜዳውን የድንበር ገመድ በአንድ እግሩ ተሻገረ፣ ቆመ፣ በሌላውም ተሻገረ። ክሪኬት ሜዳ ሲረግጥ በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው፤ ሣሩ ላይ እንደ ሌላ ሰው ማሳ እየተጠነቀቀ ሄደ። ዳኛዋ ልታስቆመው ጀመረችና ተወችው። ሎዌና ጋ ሲደርስ መምቻውን በሁለት እጁ ዘረጋላት። ከሩቅ ሆኜ ከንፈሩን አየሁ፤ አልተንቀሳቀሰም። እሷም አልተናገረችም። አዲሱን ተቀበለችው፣ የሱቁን ሰጠችው፤ ዳኛዋ በእጇ አጣደፈቻቸው። አይቮር የልጁን መምቻ በብብቱ ይዞ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉ እያዩት፣ ያን መንገድ ሁሉ ተመለሰ።

ሎዌና በዓይኗ ሸኘችው። ገመዱን ሲሻገር እንዳይደናቀፍ ነው መሰለኝ የምታየው። ወርዋሪዋ ስትሮጥ ሎዌና ገና ቀና እያለች ነበር። ኳሷ መምቻዋን አልፋ ከኋላዋ ያሉትን እንጨቶች በታተነቻቸው።

ከኋላው ያሉት እንጨቶች የተመቱበት መቺ ከጨዋታ ይወጣል፤ አለቀ። በአንድ ኳስ። መኪና ውስጥ ሆኜ ጭንቅላቴን ያዝኩ። ሦስት ሳምንት የላግሁት፣ ስድስት ሰዓት የተቀጠቀጠ መምቻ ኳስ ሳይነካ ከጨዋታ ወጣ። የወጣ መቺ በቀጥታ ወደ ክበቡ ቤት ይሄዳል፤ ደንቡ እሱ ነው፣ ጓደኞቹ ትከሻውን ይመቱታል። ሎዌና ጥቂት እርምጃ ወደዚያ ሄደችና ዞረች። የራስ መከላከያዋን አወለቀች። ወደ ጥዶቹ መጣች።

አይቮር የፒካፑ ኋላ ላይ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ስትደርስ ተነሣ። የተለማመደው ሁሉ እንደ ሁልጊዜው እንደጠፋው ከፊቱ አየሁ። አፉን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ።

«ዝቅ ብላ ነው የመጣችው» አለ።

ክሪኬት የሚጫወት ሰው ሁሉ ይህን ቃል ያውቀዋል። ኳስ ነጥራ መነሣት ሲገባት ዝቅ ካለች የሜዳው ጥፋት ነው፣ መቺው አይወቀስም። ወዳጅ የሆነ ሰው ለወጣ መቺ የሚላት እሷን ነው፤ እውነት ሆነም አልሆነም። አይቮር ከየትኛው ቅዳሜ፣ ከማን እንደሰማት አላውቅም። ያቺ ኳስ ዝቅ አላለችም። የመሃለኛውን እንጨት አናቱን ስትመታው ሦስታችንም አይተናል።

ሎዌና አባቷን ረጅም ጊዜ አየችው።

«በጣም ነው ዝቅ ያለችው፣ አባዬ» አለችና ፒካፑ ኋላ ላይ አጠገቡ ተቀመጠች።